እሞክራለሁ ያልኩ ዕለት

ውድ ሽቦ፣

"ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል" ብዬ ጀመርኩና ወረቀቱን ቀደድኩት። እኔና አንተ እንዲህ ተባብለን አናውቅም። ጠዋት መኪናው ጋ ስንገናኝ አንተ "አለህ?" ትላለህ፣ እኔ "አለሁ" እላለሁ፣ በቃ፣ ገመዳችንን ትከሻችን ላይ ጥለን ወደ ሥራ ነው። ስለዚህ አለህ? እኔስ አለሁ፤ ይሄም መኖር ከተባለ።

የምጽፍልህ ቆሜ ነው። ወረቀቱን የመስኮቱ ደፍ ላይ ዘርግቼ፣ አንዴ በቀኝ እግሬ አንዴ በግራው እየተደገፍኩ። ከወንበር ጋር ከተጣላሁ ቆይቷል፤ ትንሽ ከተቀመጥኩ ከወገቤ እስከ ተረከዜ እሳት ይለቅብኛል፣ ከዚያ ግራ እግሬ የሰው እግር ይሆንብኛል። ፊደሌ ከተጣመመ ታዲያ መስኮቱ ጠባብ ሆኖ ነው፣ ሌላ ምክንያት እንዳትሰጠው። አድራሻህን ያገኘሁት ከእህትህ ነው። መጀመሪያ አላውቅም ብላኝ ነበር፤ ኋላ በራፏ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ስቆም አይታ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ጽፋ ሰጠችኝ። ወደቡ አጠገብ መጋዘን ውስጥ ገብቷል፣ እዚያ የሚያነሳው ማሽን ነው፣ ሰው አይሸከምም አለችኝ። ደስ ብሎኛል። የምሬን ነው።

ነገሩን ከሌላ ሰው ሳትሰማ ከኔ ስማው፦ ይግባኙ ወድቋል። የአካል ጉዳት አበል አይገባህም ብለው ደግመው ወስነዋል፤ ይሄኛው የመጨረሻ ነው፣ ከዚህ በላይ የሚኬድበት ደጅ የለም። ቤታችንን ታውቀዋለህ፣ ሁለቷን ክፍል። ባለቤቴ ክሊኒክ አጽድታ የምታመጣው ኪራዩን እንኳ አይሸፍንም። አበሉ ቢፈቀድ እንቆይ ነበር፤ ካልተፈቀደ እሷ ልጃችንን ይዛ እህቷ ቤት፣ እኔ ደግሞ ወንድሜ ጎሚስታ ቤት፣ ጎማ መሃል። አንዱም ቤት ሦስታችንን የሚያስጠጋ ቦታ የለውም። ያን ሁሉ ደጅ የጠናነው አንድ ጣሪያ ሥር ለመቆየት ነበር። አሁን ያ ቀርቷል።

አንተ መሃል ላይ ስለሄድክ ከመጀመሪያው ልንገርህ። ግማሹን ታውቀዋለህ፣ ግን ከታች ሆነህ አይተኸው አታውቅም። አንተ ሁልጊዜ ከላይ ነበርክ።

የፍሪጁን ቀን መቼም አትረሳውም። ዕቃ የምታዛውረው ሴትዮ "ባዶ ነው፣ በልጆቼ እምላለሁ" አለች። አለቃችን ሁለት ቤት ሌላ ጭነት ይጠብቀናል እያለ ሰዓቱን ያያል። አንተ ከላይ፣ እኔ ከታች። ቀጭን ይመራል ወፍራም ይሸከማል ትል ነበር፣ ክፍፍሉ ፍትሐዊ እንደሆነ ሁሉ። ደረጃው መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ፍሪጁ ዘንበል ሲል ውስጡ የነበረው ጠርሙስ በሙሉ ተንሸራቶ ወደኔ መጣ። ባዶ ነው የተባለው ፍሪጅ ሆዱን ሞልቶ ነበር። ያኔ "ገመዱን እንየው" አልኩህ።

ይቺን ነገር ለይግባኝ ሰሚዎቹ እንዴት አድርጌ እንደማስረዳቸው ስንት ጊዜ በሆዴ እንደደረደርኩት ብታውቅ። እኛ ዘንድ ሸካሚ "ደከመኝ" አይልም፣ "ከበደኝ" አይልም፣ ያችን ሌላዋን ቃልማ ጭራሽ አያነሳትም። "ገመዱን እንየው" ነው የሚባለው። ገመዱ ምንም አልሆነም፣ ሁሉም ያውቃል። ዕቃው ይወርዳል፣ ቋጠሮው ይነካካል፣ ትንፋሽ ይመለሳል፣ ማንም አላፈረም። አለቃው እንኳ ያውቃታል፤ ገመድ ማየት የሚያበዛውን ሰው በማግሥቱ አይጠራውም እንጂ። አንተ በደንብ ሰምተኸኛል። መታጠፊያው ላይ ግን ማስቀመጫ አልነበረም። "ትንሽ ናት ብሎኬት፣ ትንሽ" አልከኝ። ወገቤ ውስጥ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ፣ አልለቀቅኩም። አደረስነው። አለቃው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ብሎኬት ማለት ይሄ ነው" አለ። ወርደን መኪናው ጋ ስንደርስ እግሬ አልታዘዝ አለኝና አንተ በብብቴ ይዘህ ወደ ላይ ገፋኸኝ፣ እየሳቅን። እየሳቅን ነበር እኮ።

ሐኪም ቤት ዲስክ ተንሸራቷል አሉ። መሸከም ክልክል፣ መጎንበስ ክልክል፣ ብዙ መቀመጥ ክልክል። "ታዲያ የተፈቀደልኝ ምንድን ነው?" ብላቸው ሳቁ። ለጉዳት አበሉ ያመለከትነው ያኔ ነው። እዚያ መሥሪያ ቤት ወረፋ ላይ አንድ በክራንች የሚሄድ ሰው ከላይ እስከ ታች አየኝና "ወንድሜ፣ አንተን ማን ያምንሃል? እንደ በሬ ወፍረህ" አለኝ። ለቀልድ ነው ያለው፣ ሰልፉ በሙሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። የኔ ጉዳት የማይታይ ነው፣ የሚታየው ትከሻዬ ነው። ጎረቤቶቻችንም ቢሆኑ፣ ባለቤቴ የውሃ ጀሪካን ተሸክማ እኔ ባዶ እጄን ከኋላ ስከተላት ባዩ ቁጥር ከንፈራቸውን የሚመጥጡት ለሷ ነበር። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ቆሞ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ መውደቁንም የሚያምንለት የለም።

ከዚያ የሕክምና ቦርድ ፊት ቀረብኩ። ሐኪሙ ፀጉሩ የነጣ ሽማግሌ ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። ሸሚዜን አስወልቆ ጀርባዬን ዳበሰ፣ ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገ፣ ጠየቀኝ፣ መለስኩለት። ጨርሰን ልነሳ ስል እስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ ተንከባሎ ወደቀ። ሽማግሌው ሊያነሳ ጎንበስ ማለት ሲጀምር እኔ እንዴት ተገትሬ ልየው? በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። ቀድሜው ጎንበስ አልኩና አነሳሁለት። ዓይኔ ጨለመብኝ፣ ግን አነሳሁት፣ በሁለት እጄም ሰጠሁት። አመሰገነኝ። ውጭ ስወጣ ባለቤቴ ፊቴ ላይ ያለውን ላብ አይታ ምን ሆንክ ብትለኝ ሙቀቱ ነው አልኳት። ያን ሳምንት አልጋ ላይ ዋልኩ። በዚያው እስክሪብቶ "ያለ ችግር ይጎነበሳል" ብሎ እንደጻፈ ያወቅነው ውሳኔው ሲመጣ ነው። ባለቤቴ አንብባው መጀመሪያ ሳቀች፤ ኋላ ሳቋ ወደ ሌላ ነገር ሲዞር አየሁት። "እስክሪብቶ አንስተህ ቤታችንን ጣልከው" አለችኝ።

ይሄ አንደኛው ምክንያት ነው። ሁለተኛው ምክንያት አንተ ነህ።

የዚያን ቀኑን ነገር የሰማሁት ካንተው አፍ ስለሆነ አንተን ልተርክልህ አያምርብኝም። ግን ስንት ጊዜ በዓይኔ እንዳየሁት ላሳይህ። ከአበሉ መሥሪያ ቤት የተላከ፣ ክላሰር የያዘ ንጹሕ ሰው መኪናው ጋ መጥቶ ስለኔ ይጠይቃል። አንተ ትልቅ ድርጅት ቢሮ ሊያዛውር ሰው የሚቆጥር መስሎሃል። አለቃው አጠገብህ ቆሟል። ለኔ ቦታ የሚቋምጡት ልጆች ጆሯቸውን ተክለዋል። ምን ልትል ነበር? "ብሎኬት? ቁም ሳጥን ለብቻው የሚያወጣ ሰው እኮ ነው! ትንሽ አርፎ ነው፣ ነገ ዛሬ ይመለሳል" አልክ። እኔም ብሆን ስላንተ ይችኑ እል ነበር። ብዬማለሁ። ያን ጊዜ በትኩሳት ስትንቀጠቀጥ የከረምክ ጊዜ ለአለቃው "ሠርግ ሄዷል፣ ሲጨፍር ነው የሚውለው" አልኩልህ። እኛ ዘንድ ጓደኛ ማለት አንተ በሌለህበት ቦታህን የሚጠብቅልህ ነው። ውሳኔው ላይ ግን "የሥራ ባልደረባው እንዳረጋገጠው፣ ከባድ ዕቃ ለብቻው የማንሳት አቅም ያለው በመሆኑ" ተብሎ ሰፈረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ለካ እውነት ነው።

ያነበብኩልህ ቀን ፊትህን ሳየው ምነው ባላነበብኩለት አልኩ። ብርቱካን ይዘህ መጥተህ ነበር። ከረጢቱን እንደያዝክ በሩ ላይ ተተክለህ ቀረህ። ልጄ "ሽቦ ግባ፣ ሽቦ ግባ" እያለች ሱሪህን ትጎትታለች። "እኔ እኮ ሥራህን ልጠብቅልህ ብዬ ነው" አልከኝ። አውቃለሁ አልኩህ። አፌ ነው እንደዚያ ያለህ። ሆዴ ሌላ ነገር እያለህ ነበር፤ አሁን ተራርቀናልና ልንገርህ፣ ምነው ምላሱ ተቆርጦ በቀረ ብሎሃል። ብርቱካኑን አልቀመስኩትም፣ ባለቤቴና ልጄ ናቸው የጨረሱት። አንተ በይግባኙ ቀን መጥቼ በዚሁ አፌ አፈርሰዋለሁ ብለህ ለባለቤቴ ምለህላት ወጣህ። እሷ አመነችህ። ከዚያ በኋላ ስልክህ ሲጠፋ እንኳ "ይመጣል፣ ሽቦ ቃሉን አይበላም" ትል ነበር።

ይግባኙን የጻፈልን መሥሪያ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ተክሎ የሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። ባለቤቴ ከሥራ ስትወጣ እየሄደች፣ እየተለማመጠችው፣ ደግሞ ጃንጥላው ሥር ቆማ እያስነበበችው አሳምራ አስጻፈችው። እኔ ራሴ ስሰማው ለራሴ አዘንኩ። ከዚያ ሰውየው እኔን ለብቻዬ ጠራኝ። ወረቀት ሩቅ አይሄድም፣ እዚያ የሚያዩት ሰውን ነው አለኝ። "ማንሳት ትችላለህ ወይ ብለው ይጠይቁሃል። አልችልም በል። አትጨምር፣ አትቀንስ፣ አታብራራ። አልችልም፣ በቃ።" እንደ ቀላል ነገር ነበር የነገረኝ፣ ለሱ ቀላል ነው።

ቤታችን ድራማ ቤት ሆነ። ባለቤቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ትቀመጥና ይግባኝ ሰሚ ትሆናለች፣ ልጄ ጸሐፊ ትሆንና በእርሳሷ ትሞነጫጭራለች። ባለቤቴ ድምጿን አወፍራ "ከባድ ዕቃ ማንሳት ትችላለህ?" ስትል እኔን ሳቅ ይቀድመኛል። እዚያው እለዋለሁ፣ እዚህ ምን ያደርጋል እላታለሁ። አንዴ ብቻ ልስማው ትለኛለች። አንቺ ደግሞ፣ አንድ ቃል እኮ ናት፣ ምን ይለመድላታል እላለሁ። ልጄ ተነስታ በእግሯ መሬቱን እየመታች "አባዬ፣ አልችልም በላ!" ትለኛለች። ለሷ ጨዋታ ነው። አላልኩላትም ሽቦ። በገዛ ቤቴ፣ ልጄ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ እንዴት ብዬ? ትከሻዬ ላይ ሆና ጣሪያ እየነካች ያደገች ልጅ ናት። ባለቤቴ አንድ ምሽት መብራት ልታጠፋ ስትል "ፈራሁህ" አለችኝ። ምኑን ብላት መብራቱን አጠፋችው።

ቀኑ ደረሰ። ባለቤቴ ከሥራ ለመቅረት አለቃዋን ለምና ነው የመጣችው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ ላዩ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ፣ የውሃ ጆግ፣ ማንም ያልጠጣባቸው ብርጭቆዎች። ሰብሳቢዋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት፣ እናቴን የምታህል። ከጎኗ አንድ ሰው ይጽፋል። ለኔ ወንበር ሰጡኝ፣ ለምስክር ደግሞ ከጎኔ ሌላ ወንበር አደረጉ። ኮሪደሩ ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ባለቤቴ ወደ በሩ ትዞራለች፣ እኔም እዞራለሁ። አልመጣህም። አለቃችን በዚያው ሳምንት ለሩቅ ጭነት እንደላከህ እህትህ የነገረችን ኋላ ነው፤ አውቆ ይሁን ሳያውቅ እሱና ፈጣሪው ይወቁት። እሱ ራሱ ግን የትም አልሄደም። አሠሪው ይቅረብ ስለተባለ ፊት ለፊቴ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። "አለህ ብሎኬት?" አለኝ። "አለሁ" አልኩት። ቀና ብዬ፣ ትከሻዬን አስተካክዬ። ባለቤቴ በክርኗ ጎሰመችኝ።

ሰብሳቢዋ ክፉ አልነበረችም። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው፤ ክፉ ብትሆን ኖሮ ዛሬ የምረግመው ሰው ይኖረኝ ነበር። ፋይሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አገላብጣ አየችው፣ መነጽሯን አወለቀችና እንዲህ አለችኝ።

"ልጄ፣ ባልደረባህ ይችላል ብሏል፣ ሐኪሙም ይጎነበሳል ብሏል። አንተ በራስህ አንደበት አልችልም ካልክ ግን እዚሁ አስመዘግብና ሌላ ሐኪም እንዲያይህ እመራሃለሁ። ከባድ ዕቃ ማንሳት ትችላለህ ወይስ አትችልም?"

በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ግባ ነው የምትለኝ። ጃንጥላው ሥር እንደተባለው ቃል በቃል ነው የመጣው። አፌን ከፈትኩ። አለቃው ያን ጊዜ ቀና አለ። ጠዋት ጠዋት መኪናው ጋ ቆሞ አንተ ና፣ አንተ ቅር እያለ ሰው ሲመርጥ የሚያየን ዓይነት አስተያየት ታውቃታለህ፣ እሷን አየኝ። አፌ ላይ ምን እንደመጣ ብነግርህ አታምነኝም፣ "ገመዱን እንየው" ነው የመጣብኝ። ልለው ነበር። እሷን ዋጥ ሳደርጋት ከኋላዋ ሌላ ነገር ወጣ፣ የራሴን ድምፅ እንደ ባዳ ድምፅ ሰማሁት።

"ቀስ ተብሎ ከተያዘልኝ እሞክራለሁ።"

ጸሐፊው ጻፈው። ሰብሳቢዋ ትንሽ ጠበቀችኝ፣ የምጨምረው ነገር ካለ ብላ። "እርግጠኛ ነህ?" አለችኝ። አዎ አልኳት። አለቃው እንደ ማድነቅ ራሱን ነቀነቀ፤ አበሉ ቢፈቀድልኝ ከሱም ድርሻ ይቆረጥ እንደነበር ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ባለቤቴን ዞሬ ላያት አልደፈርኩም። ከክፍሉ ልንወጣ ስንል ግን ለመነሳት ጠረጴዛውን ስደገፍ ሰብሳቢዋ አይታኛለች። ልትናገር ፈልጋ ነበር መሰለኝ። ሌላ ፋይል አመጡላት።

ቤት ስንደርስ ባለቤቴ ጫማዬን ልታወልቅልኝ በርከክ አለች፤ ከተጎዳሁ ጀምሮ የምታወልቅልኝ እሷ ናት። አንዱን አወለቀችና ሌላውን ትታው ተነሳች። ለምን አለችኝ። አለቃው ፊት ሽቦን ውሸታም ላደርገው ነው እንዴ፣ ሥራውን ላሳጣው ነው እንዴ አልኳት። ለጓደኛዬ ብዬ ነው አልኳት። መስኮቱ ጋ፣ አሁን እኔ የቆምኩበት ላይ ሄዳ ቆመች። "ለሽቦ ያሰብከውን ያህል ለኛ ብታስብ ምን ነበረበት" አለች፣ ቀስ ብላ፣ ሳትቆጣ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። አንድ እግሬ ባዶ፣ አንዱ እግሬ ጫማ እንዳደረገ አመሸሁ።

ሽቦ፣ ለሷ የነገርኳት ውሸት ነው። ያን ሰዓት አንተ ትዝም አላልከኝ። ትዝ ያለኝ አለቃው መኪናው ጋ ላሉት ልጆች ምን ብሎ እንደሚያወራብኝ ነው። "ብሎኬት አለቀለት፣ በገዛ አፉ አለቀሰ" ሲላቸው ነው የታየኝ። ወደዚያ መኪና ዳግመኛ እንደማልሄድ እያወቅኩ፣ ነገ ባይጠራኝስ ብዬ ፈራሁ። የማይጠራኝ ሰው እንዳይጠራኝ ፈራሁ፣ ይሄን ለማን ይነግሩታል? ለባለቤቴ ላስተካክለው ስንት ጊዜ አስቤ የሆዴን በሆዴ አድርጌ ተውኩት። ላንተ ግን ይድረስህ። ያንን ቃል ተናግሬ ጓደኛዬን ጣልኩት እያልክ እንደምትብሰለሰል እህትህ ነግራኛለች። ባዶው ወንበር ላይ ተቀምጠህ ቃልህን ብታፈርሰው እንኳ እኔ ከጎንህ ሆኜ መልሼ እገነባው ነበር። አሁን የመጣው ውሳኔ ላይ የሐኪሙ እስክሪብቶ የለም፣ አንተም የለህም። "አመልካቹ ራሱ በሰጠው ቃል" ይላል፣ በሱ ጀምሮ በሱ ያልቃል። ማመልከቻ ጸሐፊው ሲነበብለት ጃንጥላውን ወደ ፀሐዩ አዘነበለና "አፍ አጥቶ የቀረውን ሰው ነው እኔ የማውቀው፣ በገዛ አፉ የቀረ አላየሁም" አለ። ከዚያ ከኋላችን የቆመውን ባለጉዳይ ጠራ።

ዕቃውን ባለቤቴ ቀስ በቀስ ሸጠችው። ቁም ሳጥኑን ሊወስዱ የመጡት ሁለት ሰዎች ሥራ አያውቁም፤ በጎኑ ይዘው በሩ ላይ ሰነጠቁት። ከላይ ያለው ይምራ፣ ከታች ያለው ጉልበቱን ይጠፍ ብዬ ልነግራቸው አስቤ ተውኩት። ማን ጠየቀኝ?

ባለቤቴና ልጄ ትናንት ሄዱ። እኔን ወንድሜ ነገ መጥቶ ይወስደኛል። ባለቤቴን ወደ መጨረሻ አካባቢ ቀለል እያላት ነበር የመጣው፤ ሻንጣ ስታስር እየዘፈነች፣ ለልጅቷ ስለ አክስቷ ልጆች እየነገረች። እሁድ እሁድ እንመጣለን አለችኝ። የአውቶቡሱን ርቀት ሁለታችንም እናውቀዋለን፣ እሺ አልኳት። ሸሚዞቼን አጥባ፣ አጣጥፋ፣ የጫማዬን ክር ሁሉ ሳልጎነበስ እንዳጠልቀው አላልታ አስራ አስቀመጠችልኝ። ከዚያ አከራያችንን ልትሰናበት ወረደች።

ልጄ ከጠዋት ጀምራ በባዶው ቤት ስትሯሯጥ ውላ ደክሟት ነበር። ድምፅ ይመልሳል ብላ ስትጮህበት ነው የዋለችው። ጥግ ላይ፣ ካፖርቴ ላይ ኩርምት ብላ እንቅልፍ ወሰዳት፣ አፏን ከፍታ፣ አንድ ካልሲዋ ወልቆ። ባለታክሲው የመጨረሻውን ሻንጣ ሊወስድ ገባ። ችኩል ሰው ነው፣ መኪናውን መንገድ ላይ ነው ያቆመው። ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ ልጅቷ በአገጩ አመለከተኝ።

"አባቷ፣ አንሳትና እንውረድ።"

ቆሜ አየኋት። እጅ በብብቷ ሥር ማስገባት ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ካፖርቴ ላይ ምራቋ ወርዷል። ወገቤን ትንሽ ዝቅ ሳደርገው እሳቱ ተነሳ፣ ግድግዳውን ያዝኩ። ክፍሉ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው የለም። አለቃው የለም፣ የሚጽፍ የለም፣ እሷም አትሰማም።

"አልችልም" አልኩት።

"እሺ" አለኝ።

በቃ ሽቦ፣ እሺ ነው ያለኝ። ምነው አላለኝም፣ ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። ሻንጣውን ወደ ግራ እጁ አዛወረና ልጄን በቀኙ አንስቶ ትከሻው ላይ አደረጋት። አልነቃችም። የማታውቀው ሰው አንገት ውስጥ ፊቷን ቀበረች፣ እኔ መስሏት ይሆናል። ደረጃውን ሲወርድ ካልሲ የሌላት እግሯ ከጎኑ ስትወዛወዝ እስከ መታጠፊያው አየኋት። ታች በሩ ሲዘጋ ሰማሁ። ባለቤቴ ከመስኮቱ በታች ቀና ብላ እጇን አውለበለበችልኝ፣ እኔም አውለበለብኩላት።

ወንድሜ ሳይመጣ ይሄን ልጨርስልህ ብዬ ነው ከጠዋት ጀምሮ የቆምኩት። እንድትመጣ አልጠይቅህም፣ የሚመጣለት ነገር የለም። ብትጽፍልኝ በእህትህ በኩል ላከው፣ ጎሚስታ ቤቱ ደብዳቤ የሚቀበል ሰው የለውም። ይቅር ልበልህ ብዬ አስቤ ነበር፣ ግን ማን ማንን ይቅር እንደሚል ጠፋኝ። እዚያ መጋዘን አንድ ቀን ከከበደህ ግን፣ ማንም ይቁም ማንም፣ ንገራቸው። እሺ ነው የሚሉህ።

ታችህ የነበርኩት፣
ብሎኬት